ሳይፈታ የቆየ ሸክም

ከደሴ ኮምቦልቻ በየቀኑ ለሥራ የሚመላለስ ሰው የሐረጎን ቁልቁለት በጆሮው ያውቀዋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከእርሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ሲወርድ ጆሮ ይደፈናል፣ ብርዱም እንደ ጋቢ ከትከሻ ላይ ተገፎ ይቀራል። እኔ በኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ይህን መንገድ 11 ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ መንገዱ ሳይሆን፣ በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆሜ ስጠብቅ ስላየሁት ነገርና ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው።

ከደሴ በላይ ካለው ከጦሳ ተራራ የወረዱ አንዲት እናት መንገዱ ዳር ካለው የድንጋይ ግንብ አጠገብ ቆሙ። የተሸከሙት የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ከትከሻቸው ግራና ቀኝ ተርፎ የእግረኛውን መንገድ ሊዘጋው ምንም አልቀረውም። ጀርባቸውን ወደ ግንቡ አዙረው ቀስ ብለው ወደ ኋላ ተጠጉና የእስሩን ግርጌ ግንቡ ጫፍ ላይ አሳረፉት። ገመዱ ግን ደረታቸው ላይ እንደታሰረ ነበር። ጉልበታቸው በትንሹ ታጥፎ፣ አንገታቸው ወደ ፊት ወጥቶ፣ በነጠላቸው ጫፍ ላባቸውን ጠረጉ፤ ትንፋሻቸው እስኪመለስም እንዲያው ሆነው ቆዩ።

«እማማ፣ ለምን አያወርዱትም? ላግዝዎት» አልኋቸው።

«ካወረድኩትማ ማን ያሸክመኛል፣ ልጄ?» አሉኝ፤ በፈገግታ ነበር የተናገሩት። ጥቂት ቆይተው ወገባቸውን ቀና አደረጉና፣ ገመዱ አንዴም ሳይላላ፣ ቁልቁል ወደ ገበያው ሄዱ።

ያ ቃል ከእኔ ጋር ኮምቦልቻ ወረደ፤ ማታም አብሮኝ ተመለሰ። ከሦስት ዓመት በላይ እኔም የኖርሁት እንዲሁ ነበርና ነው። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ አስቀድሳለሁ፣ ዳዊት እደግማለሁ፤ ትንፋሼ እስኪመለስ ድረስ ሸክሜን በመቅደሱ ግድግዳ ደገፍ አደርገውና፣ ገመዱን ሳልፈታ ይዤው ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ለምን እንደማልፈታው ብጠየቅ ኖሮ መልሴ የእኚያ እናት መልስ ይሆን ነበር። ይህን ነገር አንድ ጊዜ ካወረድሁት፣ ራሴን መልሼ ማንሣት እችል ይሆን?

የሸክሜን ምንነት ሳልናገር ስለ ዕረፍት ብጽፍ ቃሌ ባዶ ይሆናል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴ ከሰሜን ወሎ ተፈናቅለው በመጡ ወገኖቻችን ተሞልታ ነበር፤ የጦርነቱ ወሬም በየሰዓቱ ይቀርብ ነበር። እኔ ከተማዋ ከመያዟ ሁለት ቀን አስቀድሜ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ወጣሁ። እናቴ ጉልበቷን ታምማ ከአልጋዋ እስከ በረንዳው ለመድረስ እንኳ ምርኩዝ ያስፈልጋት ነበር። የተገኘው መኪና አይሱዙ ነው፤ በላዩም ሰው በሰው ላይ ተጭኗል። እርሷም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «እናንተ ሂዱ፤ እኔን አሮጊቷን ማን ምን ያደርገኛል» አለች። ግድግዳ ለምንጋራቸው ሙስሊም ጎረቤታችን፣ እኛ እትዬ ለምንላቸው፣ የቤቱን ቁልፍ ሰጠኋቸው። «ልጆችህን አድን፤ ለእሷ አላህ አለ፣ እኔም አለሁ» አሉኝ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ለብዙ ሰው ተናግሬዋለሁ፤ የሰማኝም ሁሉ «ምን ታደርግ ነበር?» ብሎ አጽናንቶኛል። ለማንም ያልተናገርሁት ግን አንድ ነገር ነበር። እናቴ «ሂዱ» ስትለኝ አልተከራከርሁም። ያልተከራከርሁትም ሐዘን አፌን ስለያዘው አይደለም፤ በዚያች ቅጽበት በልቤ የተሰማኝ ቅለት ነበር። «ተመስገን፣ ራሷ አለችው» ያለ ድምፅ በውስጤ ሰማሁ፤ ድምፁም የራሴ ነበር። ደሴና ኮምቦልቻ ከጦርነቱ እጅ እስከወጡበት እስከ ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ድረስ ስልክ ተቋርጦ ስለነበር፣ አምስት ሳምንት ያህል እናቴ በሕይወት መኖሯን ሳላውቅ ያን ድምፅ ብቻ እየሰማሁ ከረምሁ።

በታኅሣሥ ስመለስ ቤቱ ተዘርፏል፤ ዕቃ ነው፣ ቀስ በቀስ ተተካ። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። «መጣህ? ልጆቹ ደኅና ናቸው?» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም፤ በግንቦት 2016 እስካረፈችበት ቀን ድረስም ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። የሚወቅሰኝ ባገኝ ኖሮ እከራከረው፣ ምክንያቴን እዘረዝርለት ነበር። ወቃሽ ያጣ በደል ግን መግቢያም መውጫም የለውም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እነቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ሐኪም ዘንድ ሄጄ የታዘዘልኝን መድኃኒት ወስጃለሁ፤ ለእንቅልፌ ረድቶኛልና እግዚአብሔርን ስለ ሐኪሞቹ አመሰግናለሁ። የነቃሁበትን ምክንያት ግን መድኃኒቱ ሊነካው አልቻለም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ላንሣ። በቋንቋችን ሰው ሲሞት «ዐረፈ» እንላለን። እኔም ከላይ ስለ እናቴ ሳላስበው እንዲሁ ጻፍሁ። ቃሉ የሚያምር ቃል ነው፤ ሞትን ፍጻሜ ሳይሆን ከድካም ማረፊያ አድርጎ ያያልና። ነገር ግን ለብዙ ጊዜ እኔን ያሳሳተኝም እርሱ ይመስለኛል፤ ዕረፍትን ለሙታን ትቼ፣ ሕያው የሆነ ሰው ድርሻው መሸከም ብቻ ነው ብዬ ደምድሜ ነበርና። ጌታችን ግን በማቴዎስ ወንጌል 11፥28 «እናንተ ደካሞች ሸክማችሁ የከበደ ሁሉ፥ ወደ እኔ ኑ፥ እኔም አሳርፋችኋለሁ» ሲል የሚናገረው በእግራቸው መምጣት ለሚችሉ ሰዎች ነው። ደግሞም ልብ በሉ፤ «ታርፋላችሁ» አላለም፤ «አሳርፋችኋለሁ» አለ። አሳራፊው እርሱ ነው። እኔ ሦስት ዓመት የደከምሁት ራሴን በራሴ ለማሳረፍ ነበር።

በምን በምን እንደደከምሁ ሁሉን አልዘረዝርም፤ አንዱ ግን ግሸን ነው። በመስከረም 2015 ለክብረ በዓሉ ወደ አምባሰል ከሚወጣው ሕዝብ ጋር ወጣሁ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ ያረፈባት ናት ብላ ቤተ ክርስቲያናችን የምታስተምርላት፣ አናቷ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋች አምባ ናት። ዳገቱን ስወጣ አጠገቤ ልጅ ያዘለች፣ ዓይነ ስውር አባቱን የሚመራ፣ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ድንጋዩን የሚረግጥ ሰው ነበር። ሁሉም የየራሱን ይዞ ይወጣል፤ ብዙዎች ሲወርዱ ፊታቸው ሌላ ነበር። እኔ አልቅሼ፣ ሰግጄ፣ ተሳልሜ፣ በረከት ተቀብዬ ወረድሁ፤ ያቺን አንዲት ቃል ግን እዚያም ለእመቤታችን እንኳ አልነገርኋትም። ልጅዋ በተሰቀለበት መስቀል ፊት ቆሜም ገመዱን በሁለት እጄ አጥብቄ ይዤው ነበር። ጥፋቱ የግሸን አይደለም፤ እኔ ነኝ ያልፈታሁት።

ሁለተኛው ሥራ ነው። እናቴ ቅዳሜንም እሑድንም ታከብር ነበር። ዓርብ ማታ የሚፈጨው ተፈጭቶ፣ የሚለቀመው ተለቅሞ ያድራል፤ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እጆቿን ጭኖቿ ላይ ዘርግታ፣ መዳፎቿን ወደ ላይ አድርጋ በረንዳው ላይ ትቀመጣለች። ልጅ ሳለሁ ይህ ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ ግን በ14ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ስለ ቀዳሚት ሰንበት ሲሉ ከአገራቸው እንደተሰደዱ፣ ደቀ መዛሙርታቸውም ብዙ መከራ እንደተቀበሉ፣ በመጨረሻም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ በሰበሰቡት ጉባኤ ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ እንደተወሰነ አነበብሁ። አባቶቻችን ስለ ዕረፍት ቀን ብለው ተሰደዋል፤ ይህ ነገር ባሰብሁት ቍጥር ይደንቀኛል። የእናቴ የተዘረጉ መዳፎች የአንድ ሰፈር አሮጊት ልማድ ብቻ አልነበሩም። እኔ ግን ከጦርነቱ በኋላ ቅዳሜም እሑድም የፋብሪካውን መዝገብ ቤቴ እያመጣሁ እሠራ ነበር፤ እጄ ባዶ የሆነ እንደሆነ ያ ድምፅ ይመጣብኛልና።

ስለ ዕረፍት ከሚሰበከው ውስጥ የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። ወደ ጌታ የመጣ ሰው ዕዳው ይከፈላል፣ ንግዱ ይሰፋል፣ በሽታው በዚያው ቀን ይለቀዋል ተብሎ ይነገረዋል፤ ያ ሳይሆንለት ሲቀር ደግሞ እምነትህ አንሶ ነው ተብሎ ሌላ ሸክም ይጨመርበታል። ጌታ ጻፎችንና ፈሪሳውያንን የወቀሰው «ከባድና አስቸጋሪ ሸክም ተብትበው በሰው ትከሻ ይጭናሉ» ብሎ ነው። የደከመን ሰው ድካሙ ጥፋቱ እንደሆነ አድርጎ መንገር መተብተብ ነው።

የንስሐ አባቴ እንዲህ ያለ ሰው አይደሉም። በመጋቢት 2017፣ የእኚያን እንጨት ተሸካሚ እናት ቃል ለሳምንታት ሳመላልስ ቆይቼ፣ አንድ ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ሄድሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከወይራው ሥር፣ እንጨት መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ኃጢአቴን የሚጠይቁኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። እርሳቸው ግን ፊቴን አይተው «ትተኛለህ?» አሉኝ።

«አልተኛም፣ አባቴ።»

«ትበላለህ?»

«በጾሙ ምክንያት…» ብዬ ጀመርሁ።

«የጠየቅሁህ ስለ ጾሙ አይደለም» አሉ። ቀጥለውም «ኤልያስን አስበው። ከክትክታው ሥር ተቀምጦ ሞትን ሲለምን እግዚአብሔር አልተቆጣውም። መልአኩን ልኮ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ተመልሶ ተኛ፤ እንደገና ቀሰቀሰው፣ እንደገና አበላው። ‹በዚህ ምን ታደርጋለህ?› ብሎ የጠየቀው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ኮሬብ ደርሶ ነው። በል፣ አንተም አረፍ በል፣ ከዚያ ትነግረኛለህ» አሉኝ።

ክትክታ በየተራራችን ጥግ የሚበቅል፣ እኛ ልጆች ሆነን በቅጠሉ የተጫወትንበት ቍጥቋጦ ነው። ስለ ክትክታውና ስለ እንጎቻው ስሰማ ነቢዩ ከሩቅ አገር ሳይሆን ከጦሳ ጥግ የተኛ ሰው ሆኖ ታየኝ። ከዚያም ተናገርሁ። እናቴ ምን እንዳለች፣ እኔ ምን እንዳልሁ፣ በልቤ ምን እንደተሰማኝ፣ «ተመስገን» የምትለዋን ቃል ሳይቀር። ስጨርስ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «አንተ ምን ማድረግ ትችል ነበር» አላሉኝም፤ ስላላሉኝም ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ያ ሁሉ ማጽናናት ሸክሙ እንደሌለ የሚያስቈጥር ስለነበር አንድም ጊዜ አላቀለለልኝም። እርሳቸው ግን ክብደቱን አምነው ተቀበሉት። መስቀላቸውን አንሥተው ግንባሬ ላይ አድርገው ጸሎቱን ጸለዩና «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ።

ይህን ቃል ከሕፃንነቴ ጀምሬ ሰምቼዋለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ ይለዋል፤ ለሞተ ሰው ፍትሐት ሲደረግ ይባላል። ያን ቀን ግን ቃሉን እንደ አዲስ ሰማሁት። ይፍታህ፤ የታሰርህበትን ገመድ ይፍታልህ። በምድር የምትፈቱት በሰማይ የተፈታ ይሆናል ብሎ ጌታ ለሐዋርያቱ የሰጣቸው ሥልጣን በአንድ ሽማግሌ ቄስ እጅ ሆኖ ደረቴ ላይ ካለው ቋጠሮ ደረሰ።

ወዲያው ክንፍ አወጣሁ ብዬ አልዋሽም። ወደ ቤቴ ስሄድ እግሬ እንደ ወትሮው ከባድ ነበር፤ ያን ሌሊትም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቃሁ። ነገር ግን ስነቃ ያ ነገር እንደ ዱሮው ጀርባዬ ላይ ሆኖ አላገኘሁትም። አልጠፋም፤ እዚያው ነበር፤ መሬት ላይ ተቀምጦ ከእኔ ተለይቶ አየሁት። ከሦስት ዓመት በላይ ተሸክሜው ስኖር ፊቱን አይቼው አላውቅም ነበር፤ የተሸከሙትን ነገር ማየት አይቻልምና። ተመለከትሁት፣ አለቀስሁበት፣ «አቤቱ፣ ይህ የእኔ ነበር፣ አሁን በአንተ ፊት ነው» አልሁ፤ ከዚያም ሳላስበው እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጌታ ግን «አሳርፋችኋለሁ» ብሎ በዚያ አላቆመም፤ ቀጥሎ «ቀንበሬን በላያችሁ ተሸከሙ» አለ፤ «ለነፍሳችሁም ዕረፍት ታገኛላችሁ» ያለውም ከዚህ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ዕረፍት የሚሰጥ ነው፤ ሁለተኛው ቀንበሩ ሥር እየሄዱ የሚያገኙት ነው። ተሁለደሬ ገበሬ የሆነ አጎት አለኝ። አዲስ ቀንበር ሲጠርብ የበሬው ጫንቃ የሚያርፍበትን ቦታ ይፍቀዋል፤ በመዳፉ ይዳብሰዋል፤ ትንሽ ሻካራ ነገር ካገኘ እንደገና ይፍቀዋል። «ይህን ያልፈቀ ሰው በሬውን በሳምንት ያቈስለዋል» ይላል። «ቀንበሬ ልዝብ» የሚለውን ባነበብሁ ቍጥር የአጎቴ መዳፍ ይታየኛል። ቀንበሩ የራሱን በሬ በሚያውቅ ሰው እጅ የተለዘበ ነው።

ለእኔ የተሰጠኝ ቀንበር ቀኖናዬ ነበር። የቀረውን ለራሴ ልተወውና አንዱን ብቻ ልናገር። የንስሐ አባቴ «ወደ ጎረቤትህ ሂድ። እናትህ እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፈች ጠይቃቸው፤ ምንም ቢነግሩህ ቁጭ ብለህ ስማ» አሉኝ። ከእትዬ ጋር ሰላምታ አልተነፋፈግንም፤ በዓል ሲሆን ድፎ ዳቦ እልክላቸዋለሁ፣ በዒድም ምግብ ከእነርሱ ቤት ይመጣልናል። ነገር ግን ከተመለስሁ ጀምሮ ቤታቸው ተቀምጬ ቡና ጠጥቼ አላውቅም፤ ዓይናቸውን ማየት አልቻልሁም ነበር።

ሁዳዴው ከተፈታ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ አንኳኳሁ። እትዬ ምንም እንዳልተፈጠረ «ግባ፣ ግባ» ብለው ቄጠማውን ጎዝጕዘው ቡናውን አቀረቡ። የመጀመሪያውን ስኒ ከጠጣሁ በኋላ የመጣሁበትን ነገርኋቸው። ረከቦቱ ላይ ያለውን ስኒ እያስተካከሉ ጥቂት አሰቡ።

«ሁለት ቀን አለቀሰች» አሉ። «አልዋሽህም። ስምህን እየጠራች አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ተነሥታ ‹ዛሬ ቡናውን እኔ አፈላለሁ› አለች። ከዚያ በኋላ አላለቀሰችም።»

ይህን ሁለት ዓመት ቀድሜ ብሰማው ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም። ያን ቀን ግን ሰማሁት፤ እንባዬም መጣ፤ እትዬም እስክጨርስ ድረስ ዝም ብለው ጠበቁኝ። ከዚያ «ዓይኗ ደክሞ ስለነበር ዳዊቷን ማንበብ አልቻለችም። ይቺ ናት የምታነብላት የነበረችው» አሉና ከበሩ አጠገብ ከሰሉን ወደምታራግበው የልጅ ልጃቸው ዞሩ። ያኔ ስድስተኛ ክፍል የነበረች፣ አሁን ልጅ እግር የሆነች ናት። ሻርፗን አስተካክላ አንገቷን ደፋች።

«የትኛውን ነበር የምታነቢላት?» አልኋት።

«በየቀኑ የዕለቱን ነበር የሚያስጀምሩኝ፤ ሁልጊዜ ግን መጨረሻ ላይ የዓርቡን አውጪልኝ ይሉኛል። መቶ ዐሥራ አራትን። ደጋግሜ ስላነበብሁት ያዝሁት፣ ጋሼ።»

«እስኪ በይልኝ» አልኋት።

ማራገቢያውን አስቀመጠችና፣ ክፍል ውስጥ ተነሥታ እንደምትመልስ ተማሪ ቀጥ ብላ፣ «ነፍሴ ሆይ፣ ወደ ዕረፍትሽ ተመለሺ፣ እግዚአብሔር መልካም አድርጎልሻልና» አለች። እትዬ ሁለተኛውን ስኒ ቀዱልኝ።